ከግድግዳው ጀርባ ያለው ውሃ

"ግድግዳው አልቋል፤ ፓምፑን አጥፋው ብያለሁ!" ሲል ኮንትራክተሩ ጮኸ።

የፓምፑ ሠራተኛ እጁን ማጥፊያው ላይ እንዳደረገ መሐንዲሷን አያት። እሷ ዓይኗን ከምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ አልነቀለችም። ማዕዘኑ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ወርዷል፤ ዳርና ዳሩ ረጥቧል። ፓምፑ ከቆመ የከርሰ ምድሩ ውሃ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ይመጣል። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ለሳኞቹ እየተቀላለዱ ይሠራሉ።

የግድግዳው ንድፍ የእሷ ነው። "ፌሮውን እንቀንስ፤ ኮንክሪቱ ውስጥ የሚበተኑት የብረት ክሮች ስንጥቁን አንቀው ይይዙታል፤ ውሃ አያሳልፍም" ብላ የተሟገተችው እሷ ናት። ክር ያለበት ኮንክሪት ግን ግትር ነው፤ እንደ ልብ አይፈስም። ለሰነፍ እጅ ደግሞ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን።

"ጋሼ፣ ኮንክሪቱ ሲሞላ ውሃ ጨምረውበታል?" አለች ወደ ኮንትራክተሩ ዞራ።

"ትንሽ ነው ባክሽ! አልወርድም ሲል ምን ላድርግ፣ ሽማግሌ ልላክበት?"

ለሳኞቹ ሳቁ። እሷ ደሟ ፈላ። ስንቱን ቤት አፈር ያስገባችው ይህቺው "ትንሽ" አይደለችም?

"ክሮቹ አንድ ቦታ ተቋጥረው ቢሆንስ? ተሰርስሮ ይታይ።"

ኮንትራክተሩ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አጎቷ ነው፤ አባቷ ሲሞት ያስተማራት እሱ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ በገዛ እጅሽ ገመድ አትግዢ። ብረት ይቀነስ ያልሽው አንቺ፣ የፈረምሽው አንቺ። በልስን ይሸፈናል፤ ማን ያየዋል?"

"ውሃው ያየዋል፣ ጋሼ።"

አፏ ደፈረ እንጂ ልቧ ተጠራጠረ። ጥፋቱ እሱ የጨመረው ውሃ ባይሆንስ? የራሷ ስሌት ቢሆንስ? ሌላ ጊዜ በኩራት የምታየው ግድግዳ አሁን ወደ እሷ ያዘመመ መሰላት።

"ፓምፑን እንዳትነካ" አለችው ሠራተኛውን። "ማን ከለከለህ ቢሉህ፣ እሷ በል። እናንተም ውጡ፣ ወንድሞቼ።"

የለሳኞቹ ሳቅ ቆመ። መሣሪያቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ተንጋግተው ወጡ።

አጎቷ ፌሮው ወደ በዛበት ወደ ደረቁ ግድግዳ ጠቆመ። "እሺ፣ ካልሽ እዚህ ጋ ይሰርሰር። ለአንቺም ለእኔም ይሻላል።"

አላየችውም። ፌሮውን ከሁሉ አብዝታ ወደ ቀነሰችበት ማዕዘን ሄደች፤ ጠመኔ አውጥታም እርጥቡ ስንጥቅ ላይ ክብ ሠራች።

"መሰርሰሪያውን አምጡልኝ" አለች።