የባንዲራው አረንጓዴ

ባንዲራቸው አረንጓዴ፣ ማሊያቸው ግን ሰማያዊ መሆኑን ያወቅሁት ልጄ አረንጓዴውን ለብሳ ከወጣች በኋላ ነው። ቴሌቪዥኑን ስከፍት የምንኖርበት አገር ቡድን በሰማያዊ ተሰልፏል፤ ተጋጣሚው ከአንገቱ እስከ እግሩ አረንጓዴ ነው። ቁርጥ እኔ የሰፋሁትን።

እኛ ኳስ የምናውቅ ሰዎች አይደለንም። እዚህ ከመጣን ስምንት ወራችን ነው፤ የክፍል ጓደኞቿ ልጄን የትም ሲጠሯት ይህ የመጀመሪያው ነው። ጨዋታውን ሜዳ ላይ በትልቅ ስክሪን አብረው ሊያዩ ነው፤ የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ ለብሳ እንድትመጣ ነግረዋታል። እኔ ደግሞ የሥራ ልብስ ስፌት ቤት ነው የምሠራው። በሩ ላይ የተሰቀለውን ባንዲራ አየሁና ከተራፊው ጨርቅ አረንጓዴውን መርጬ በምሳ ሰዓት ሰፋሁላት። ጀርባው ላይ ሰባት ቁጥር እንኳ ለጥፌበታለሁ።

ስልኳን አታነሳም። አባቷ ሥራ ላይ ነው፤ ብደውልለትም "አንቺ ደግሞ ሁሌ ሬሳ ነው የሚታይሽ" ከማለት አያልፍም። ሲገፏት፣ ስትወድቅ፣ ሲረጋግጧት ታየኝ። ሰማያዊ የሥራ ጋውኔን ይዤ በነጠላ ጫማ ወጣሁ።

ትልቁ ስክሪን የተተከለበት ሜዳ ሰው በሰው ሆኗል። ልጄ እዚያ ናት እያልኩ በክርኔ ሰንጥቄ ገባሁ። አንዲት ሴትዮ ጋረድሽኝ ብላ ተቆጣች፤ ዞሬም አላየኋት። ልጄን ፊት ለፊት አገኘኋት። ጓደኞቿ በማሊያዋ እየሳቁ ነበር፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ጋውኑን ትከሻዋ ላይ ጣል ሳደርግላት አውልቃ መለሰችልኝ።

"ተይኝ እማ። አሁን ከደበቅኩት ነገ ምን ብዬ ነው ክፍል የምገባው?"

ጎትቼ ልወስዳት እጇን ያዝኩ። ልክ ያን ጊዜ አረንጓዴዎቹ ጎል አገቡ። ሜዳው ጸጥ አለ። ከፊታችን የነበረ በሬ የሚያክል ሰውዬ ዞረና ማሊያዋን አፍጥጦ አየ። ከፊቷ ቆምኩ።

"እኔ ነኝ የሰፋሁት" አልኩት። "ባንዲራችሁን አይቼ ነው። ጥፋት ካለ የእኔ ነው።"

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ስፌቱን አየ።

"እናቴ፣ ይሄ ስፌት ከኛ ተከላካዮች ይሻላል። ቀዳዳ የለውም።"

ዙሪያችን ያሉት ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ግን እጇን ለቀቅኩና አጠገቧ ቆምኩ። እሷ ካልሄደች እኔም አልሄድም። አንዷ ጓደኛዋ ኦፍሳይድ የሚሉትን ሦስት ጊዜ አስረዳችኝ፣ አልገባኝም። ሊያልቅ ሲል ሰማያዊዎቹ አቻ ሲያደርጉ ግን ጋውኔን እያውለበለብኩ ጮህኩ፤ ልጄ አፏን ከፍታ ታየኛለች።

ጓደኞቿ እስከ ደጃፋችን ሸኙን። ቅዳሜም ጨዋታ አለ፣ ትመጣለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሊዘንብ ይችላል፣ ሰክሮ የሚደባደብ አይጠፋም፣ ሊሸነፉም ይችላሉ ብዬ አሰብኩ።

"እንመጣለን" አልኳቸው። "ሁለታችንም።"

አባቷ ከሥራ ሲገባ ድምፄ ሻክሮ ሰማና ምን ሆነሽ ነው አለኝ። አብሮን ጨዋታ እንዲያይ የቅዳሜ ፈረቃውን እንዲቀይር ነገርኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ በሩን ቆለፍኩ፤ ገፋ አድርጌም አየሁት።