የመንትያዋ ፎቶ

ቺዩ ላንዠን ስድሳ ዓመት እስኪያልፋት ድረስ ስለ መልኳ ተጨንቃ አታውቅም። ከያንግዦው ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ኩሬ እስከ ጭኗ እየገባች ለምግብ የሚሆነውን የሎተስ ሥር ስትነቅል የኖረች ሴት ናት። ፀሐይዋ ከላይ ትመታታለች፣ ከውሃው ተመልሳ ደግሞ ከታች ትጠብሳታለች። ፊቷ መጨማደዱን አንድም ቀን እንደ ጉዳት አልቆጠረችውም ነበር።

መንትያዋ ስትገኝ ግን ነገሩ ተለወጠ።

እናቷ ልትሞት ስትል ነው ምስጢሩን ያወጣችው። "ሁለት ነበራችሁ። በረሃቡ ዘመን አንዷን ወደ ሰሜን ለሚሄዱ ልጅ ለሌላቸው ባልና ሚስት ሰጠሁ" አለቻት። ሌላም ነገር ጨምራ ነገረቻት፤ ያንን ላንዠን ለባሏም አልተናገረችም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቃት።

የጠፉ ዘመዶችን ለሚያገናኝ ማኅበር የደም ናሙና ሰጠች። ብዙ ቆይቶ፣ ጂናን በምትባል የሰሜን ከተማ የምትኖር ፋንግ ዩሄ የምትባል የቤተ መጻሕፍት ጡረተኛ እህቷ መሆኗ ተነገራት። በስልክ ተገናኙ። የሰሜንና የደቡብ አነጋገር ስለማይገጥም ከተግባቡት ያለቀሱት ይበልጣል። በመከር ወራት ዩሄ ልትመጣ ተቀጣጠሩና ፎቶ ላከች።

ላንዠን ፎቶውን ይዛ መስታወት ፊት ቆመች። የእህቷ ፊት ድቡልቡል ያለ፣ ነጣ ያለ፣ አንድ መስመር የሌለበት ነው።

"ልጅሽ ናት ቢሉኝ ማን ይጠራጠራል?" አለችው ባሏን ዲንግን።

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ከተማ ውስጥ ፊት በመርፌ የምታድስ ሐኪም አለች አሉ።"

"በይ ሂጂ። ጃርት ሆነሽ ስትመለሺ በር እከፍትልሻለሁ።"

ዶክተር ሚያው በቦዩ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል የምትሠራ የባህል ሕክምና ሐኪም ናት። ላንዠንን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ፣ ምላሷን አይታ፣ የእጇን ትርታ አዳምጣ፣ ፊቷን በብርሃኑ መረመረች።

"እነዚህ የዓይንዎ ዳር መስመሮች የፀሐይና የሳቅ ናቸው፣ እትዬ ላንዠን። ብዙም አልነካቸውም። ይህ በቅንድብዎ መሃል የቆመው ግን ሌላ ነው። እኛ የጉበት ቦታ እንለዋለን፤ የተዋጠ ነገር እዚያ ይወጣል። ምንድን ነው የዋጡት?"

"ምንም።"

"እንቅልፍስ?"

"እሱ እንኳ የለም።"

ሐኪሟ አልጨቀጨቀቻትም። ፀጉር የሚያካክሉ መርፌዎች ግንባሯና ጉንጯ ላይ ሰካች፤ እግሯም ላይ ጨመረች። መርፌዎቹን ስትነቅል ጉንጯንና አገጯን በለስላሳ ድንጋይ ወደ ላይ አሸችላት። ላንዠን ከአልጋው ስትነሳ ፎቶውን ከቦርሳዋ አወጣች።

"እንዲህ እንድታደርጊኝ ነው የመጣሁት። መንትያዬ ናት።"

ዶክተር ሚያው ፈገግ ብላ ተቀበለቻት። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ስታስጠጋው ፈገግታው ጠፋ።

"መቼ ነው የተነሳችው?"

"ባለፈው ወር።"

"በዚህ ሙቀት የሱፍ ሹራብ ለብሳ?"

"ብርድ አይለቀኝም ትላለች።"

"ድምፅዋስ እንዴት ነው?"

"ሻከር ያለ ነው። ቀስ ብላ ነው የምታወራው። የሰሜን ሰው ሁሉ እንደዚያ መስሎኝ።"

"እትዬ፣ ይህ የወጣት ፊት አይደለም። ያበጠ ፊት ነው። የቅንድቧን ጫፍ ይዩት፣ ሳስቶ አልቋል። እኔ በፎቶ በሽታ አልፈርድም፤ በመርፌም የሚመለስ አይመስለኝም። ሆስፒታል ሄዳ የታይሮይድ እጢዋን በደም ትመርመር። አይዘግይ።"

ላንዠን ወደ ቤት የሚወስዳትን አውቶቡስ አሳልፋ ቦዩ ዳር ተቀመጠች። ስትቀናበት የሰነበተችው ነገር በሽታ ነበር። አፏን ሞልታ እህቴ ብላ ላልጠራቻት ሴት ይህንን እንዴት ብላ ትናገር?

በማግስቱ ደወለች። ዩሄ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

"ዕድሜ ልክሽን ሳታውቂኝ ኖረሽ፣ አሁን በፎቶ በሽተኛ ነሽ ትዪኛለሽ?"

"ሐኪሟ ናት ያለችው።"

"የኔን ፎቶ ሐኪም ዘንድ ምን ወሰደው?"

"አንቺን ለመምሰል ብዬ ነው። አሮጊት ሆኜ እንዳላሳፍርሽ።"

ዩሄ ስልኩን ዘጋችው።

ሳምንታት አለፉ። ላንዠን መርፌውን አልተወችም፤ እንቅልፏም ትንሽ ትንሽ እየተመለሰ ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን እጇን ከማድቤቱ ውሃ ሳትጠርግ ትሮጣለች።

"ብትቆጣም ትመረመራለች" ይላታል ዲንግ። "ካንቺ ጋር የተጸነሰች ሴት ምን ያህል ልትሻል? እልኳ ሲወጣላት ትሄዳለች።"

እውነትም አንድ ረፋድ ላይ ዩሄ ደወለች።

"እጢዬ ሥራ ትቷል አሉኝ። ልቤ ዙሪያ ውሃ መያዝ ጀምሮ ነበር። እኔ እኮ እርጅና ነው ብዬ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።" ቀጥላም "አንቺም ተመርመሪ፤ ደማችን አንድ ነው" አለች።

"ያኔውኑ ተመርምሬአለሁ። ደህና ነሽ ብለውኛል።"

"በርሽን ክፈቺ እንግዲህ፤ ሐኪሞቹ ሲፈቅዱልኝ እመጣለሁ።"

በመከር መጣች። ከባቡሩ የወረደችው ሴት ከፎቶዋ የቀጠነች ናት። እብጠቱ ሲለቅ ቆዳዋ ላልቶ፣ ተደብቆ የኖረው መስመር ሁሉ ወጥቷል። ሁለቱ ሻንጣውን መሃላቸው አድርገው ተያዩ።

"አየሽ" አለች ዩሄ፣ "ያቺ ሐኪምሽ አስረጀችኝ።"

"እኔን ደግሞ ትንሽ መልሳኛለች። መንገድ ላይ ተገናኘን።"

ማታ ዲንግ የሎተስ ሥር በአጥንት ሾርባ አቀረበ። ዩሄ ጥቂት ቀመሰችና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ለምን እኔን ሰጠች?"

ላንዠን ለሰው ያልተናገረችው እሱን ነበር።

"አንቺ ጠንካራዋ ነበርሽ። መንገዱን የምትችለው እሷ ናት ብላ አንቺን ሰጠች። እኔ አልቄ ነበር። እቅፏ ውስጥ እንድሞት ነው ያስቀረችኝ።"

ዩሄ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። "እኔ የማልረባዋ ስለሆንኩ ነው የጣሉኝ ብዬ ነው የኖርኩት።"

"እኔ ደግሞ እናቴ ልትቀብረኝ ያስቀመጠችኝ ነኝ እያልኩ ነው የማድረው።"

ዲንግ ተነስቶ ያልቀዘቀዘውን ሾርባ ሊያሞቅ ወደ ማድቤት ገባ።

"አልሞትሽም እኮ" አለች ዩሄ።

"እምቢ አልኳታ።"

ዩሄ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ላንዠን ወንበሯን አስጠጋችና እጇን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች።

ጠዋት ሁለቱ ብቻ ወደ እናታቸው መቃብር ሄዱ። ዩሄ ተንበርክካ ለረጅም ጊዜ በሰሜን አነጋገር ተናገረች። ላንዠን ግማሹ እንኳ አልገባትም። ምን አልሻት ብላም አልጠየቀችም፤ እህቷ ጨርሳ እስክትነሳ ድረስ ከጎኗ አረም ስትነቅል ቆየች።