ባሕር አሳይሻለሁ

መነጽር ሠሪው ሚስቱን ያጫት ጊዜ አንድ ነገር ማለላት፦ «ከተጋባን በኋላ ባሕር አሳይሻለሁ። ካላሳየሁሽ ዐይኔን ግንባር ያድርገው!» እሷም ያኔ ልቧ ለስላሳ ነበርና አመነችው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈ። ባሕሩ ባለበት አለ፤ የሰውየውም ዐይን ግንባር አልሆነም። እንዲያውም በሠፈሩ ውስጥ በዚህ ዕድሜው ያለ መነጽር ጋዜጣ የሚያነብ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ መጋረጃ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ የሳሎኑ መስኮት ሥር ተቀምጧል፤ ሰማያዊ ጨርቅ የታዘዘች ቀን ጫማዋን ታወልቅና እግሯን ከጨርቁ ሥር ትከታለች። ምኞቷ ያን ያህል ትልቅ አይደለም። ሞቅ ያለ ባሕር ውስጥ እስከ አንገቷ ገብታ መቆም፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ ወዲያው ብትወጣም ግድ የላትም። ይህንን ለደንበኞቿ ሁሉ ተናግራለች። «ዘንድሮስ?» ይሏታል መጋረጃ ሊወስዱ ሲመጡ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትላቸውና ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች።

ባልየውን ሠፈሩ «ቋጠሮ» ይለዋል። እሱ ይህን እንደ ስድብ አይቆጥረውም። አንዱን የሻይ ከረጢት ሁለት ጊዜ ነክሮ ለሦስተኛው ሲያስቀምጠው «ምን ጎደለው? ቀለም አለው እኮ» የሚል ሰው ነው። ክፉ ነው እንዳይባል ክፉ አይደለም፤ የቸገረው ሰው መነጽር ሲሰበርበት በነጻ ይጠግናል። ለመዝናናት የሚወጣ ገንዘብ ግን ከሥጋው ላይ ተቆርጦ የሚወሰድ ይመስለዋል።

ታዲያ አንድ ሰኞ የሚስቱ ታናሽ እህት ደወለች። ትኬት ቢሮ ነው የምትሠራው።

«እትዬ፣ ስሚኝማ! ያ ዘንባባው ያለበት፣ ሞቃቱ አገር ትዝ ይልሻል? ሁለት መቀመጫ በግማሽ ዋጋ ወጥቷል። እስከ ሐሙስ ካልያዛችሁት ግን ያመልጣችኋል። ለጋሼ ንገሪውና ካንገራገረ ደውይልኝ፣ እኔ አለሁለት።»

ቋጠሮ አላንገራገረም። እሷን ሊያስደነግጣት የሚገባውም ይኸው ነበር። «በግማሽ ዋጋ?» አለ ደጋግሞ፣ «እንሄዳለን! የማደሪያውን ነገር ግን ለእኔ ተዪው። እጅሽን እንዳታስገቢ።» ሴትዮዋ በደስታ ብዛት ነገሩን አላላመጠችውም፤ እንዳለ ዋጠችው።

ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቤቱ ሁሉ ዝግጅት ሆነ። በዚያ ዋጋ የሚፈቀደው ሻንጣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ነበር፤ ቋጠሮም መላ ዘየደ። «የለበሱት ልብስ አይመዘንም» አለና አራት ሸሚዝ ደርቦ፣ ሁለት ሱሪ ለብሶ በኮሪደሩ ላይ መራመድ ተለማመደ። ብብቱ አልገጥም ብሎት ክንዱን ዘርግቶ ሲንገዳገድ አይታ ሚስቱ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የጥርስ ብሩሾቹን እጀታ ደግሞ በመጋዝ አሳጠራቸው። ይህን ሁሉ ቻለችው። የዋና ልብስ ልትገዛ ስትነሳ ግን «ምን ያደርግልሻል? ገንዘብ መጣል ነው» አላት። ነገሩ ትንሽ ከነከናት፤ ቢሆንም ከአንዲት ደንበኛ መጋረጃ በተረፈ አበባማ ጨርቅ ራሷ ሰፋችው።

በሳምንቱ ቋጠሮ ጺሙን ሲላጭ ጠረጴዛው ላይ የተወው ስልኩ ጮኸ። መልእክቱ ከማደሪያው ባለቤት ነበር፦ «መምጣታችሁን በደስታ እንጠብቃለን። እዚህ ሌሊት ስለሚበርድ ወፍራም ሹራብና ካልሲ እንዳትረሱ።»

ሹራብ? ሞቃት አገር? ከመልእክቱ ሥር ያለውን ፎቶ ከፈተችው። ተራራ ነው። ጭጋግ አለ፤ ከጭጋጉ ውስጥ አንዲት የእንጨት ቤት ብቅ ብላለች። ከሁሉም ማዶ፣ ከፎቶው ጫፍ ላይ፣ ክር የምታህል ሰማያዊ መስመር ትታያለች።

«ና እስቲ ወዲህ!» አለች። ቋጠሮ ፊቱ ላይ ሳሙናው እንዳለ መጣ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ማደሪያችን ነዋ።»

«ባሕሩስ?»

«ያውልሽ!» ጣቱን ቀሰረ፤ ሳሙናው ከአገጩ ወርዶ ስልኩ ላይ ጠብ አለ። «ባሕሩ ዳር ያሉት ቤቶች ዋጋ አይቀመስም። ይኼ ግን ሩብ ዋጋ፣ ያውም ከነቁርሱ! ገንዘቡንም እዚያው ስንደርስ ነው የምንከፍለው።»

«ከዚህ እስከ ባሕሩ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«በአውቶቡስ አራት ሰዓት ይላሉ። ግን ምን አስኬደሽ? በረንዳ ላይ ቁጭ ብለሽ…» ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወደ ቁም ሣጥኑ ሮጠና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ነበር። ሳምንት ሙሉ የምሳ ሰዓቱን ሠውቶ፣ ከወዳደቁ መስታወቶች ሞርዶና ገጣጥሞ የሠራው ነው። ማንጠልጠያው ላይ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ሳይቀር ቀርጾበታል። «ማዕበሉን አንድ በአንድ ትቆጥሪዋለሽ! አሳይሻለሁ አላልኩሽም? ይኸው!»

«እኔ እኮ መግባት ነው የምፈልገው።»

«አሳይሻለሁ ነው ያልኩት፤ እነክርሻለሁ አልኩሽ?»

ሴትዮዋ ከፋት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ነገር ክር አክሎ መቅረቱ አንገበገባት፤ መነጽሩ ማማሩ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት፣ በደንብ እንዳትቆጣ እንኳ ከለከላት። መነጽሩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ቆይ ብቻ» አለች፤ «እኔ አሳይሃለሁ።»

ይቺ ቃል ሁለት ፊት አላት። ለወደዱት ሰው ስጦታ ናት፣ ለተቀየሙት ሰው ዛቻ። ቋጠሮ ሃያ ሦስት ዓመት በአንደኛው ፊቷ ሲነግድ ኖሮ ሁለተኛውን ረስቶት ነበር።

በማግስቱ ሴትዮዋ ከእህቷ ዘንድ ባሕሩ ዳር ያሉ ማደሪያዎችን ዝርዝር አስላከች። ፎቶዎቹን ስታይ ዋጋውን አላየችም፣ አልጋውንም አላየችም፤ መጋረጃውን ነበር የምታየው። አሥራ አንደኛው ቤት ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ከበሩ እስከ ውኃው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። መጋረጃዎቹ ግን ፀሐይ በልቷቸው ነጥተዋል፤ የአንደኛው ክፍል መጋረጃ ጭራሽ አበባው ቁልቁል ተዘቅዝቆ ተሰፍቷል። ለባለቤቲቱ ጻፈች፦ «እመቤቴ፣ ድፍረት አይሁንብኝና አበባዎችዎ በአናታቸው ቆመዋል። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ።»

ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ። ባለቤቲቱ ይህንን ያስተዋለ እንግዳ አጋጥሟት እንደማያውቅ፣ እሷ ግን በየቀኑ እያየችው እንደምትበግን ጻፈች። በስልክ ተነጋግረው ተስማሙ፤ ለስምንት መስኮት መጋረጃ፣ ስምንት አዳር ከነቁርሱ።

ሴትዮዋ ወሬውን ለራት አቆየችው። «ማደሪያ አገኘሁ» አለች ሾርባውን እየቀዳች። «ባሕሩ ደጃፉ ላይ ነው።»

«ዋጋውስ?»

«በነጻ።»

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። «በነጻ ማለት… በነጻ?»

«በመጋረጃ። ግን ለሰፊዋ ነው የተባለው፤ አንድ አልጋ። አንተማ የራስህን ይዘሃል፣ ያውም በሩብ ዋጋ! በረንዳህ ላይ ቁጭ ብለህ በመነጽርህ ታየኛለህ። ጠዋት ጠዋት እጄን አውለበልብልሃለሁ።»

አልጋው ለሁለት ሰው የሚበቃ መሆኑን አልነገረችውም። ግማሹን ገልጦ ግማሹን መሸፈን ሥራዋ ነው፤ በዚህ እንጀራ የበላ ሰው አይፈረድበትም።

ቋጠሮ ሁለት ቀን አኮረፈ። በነጻ የተገኘ ነገር እያለ እሱ ከፍሎ ማደሩ እንቅልፍ ነሣው። በሦስተኛው ቀን ግን ከስፌት መኪናው አጠገብ መጥቶ ተገተረ፤ አንዱን የጨርቅ ጫፍ ያፍተለትል ጀመር።

«ገንዘቡ ብቻ አይደለም» አለ በመጨረሻ።

«ሌላ ምን ኖሮ?»

«ዋና አልችልም። በየዓመቱ ‹ዘንድሮ እንሂድ› እልና ይታየኛል፤ አንቺ ትገቢያለሽ፣ እኔ ዳር ቆሜ ልብስሽን እጠብቃለሁ። ማዕበል ቢመጣብሽስ? ዘልዬ ገብቼ አላወጣሽ! ከተራራ ላይ ግን ማንም አይሰምጥም።»

ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ዓመት ስስት ሲመስላት የኖረው ነገር ግማሹ ፍርሃት፣ ያውም ለእሷ መፍራት እንደ ነበር ገባት። ማቀፍ አማራት። ዛቻዋን ግን ገና አልጨረሰችም።

«እኔስ መቼ ችዬ አውቃለሁ?» አለችው።

«ምን? አንቺም አትችዪም? ታዲያ እስከ አንገቴ ስትዪ የኖርሽው…»

«መቆም ነው ያልኩት፤ እዋኛለሁ አልኩህ?»

ቋጠሮ በገዛ ሚዛኑ ተመዘነ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ጨርቁን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

የጉዞው ዋዜማ ላይ መጋረጃዎቹ ሁለቱንም ሻንጣ ሞልተው ለሌላ ነገር ቦታ አልተረፈም። ቋጠሮ ያንን መነጽር በመዳፉ አንሥቶ መዘነው፣ አንድ ጊዜ እፍ ብሎ ወለወለውና ቁም ሣጥኑ ውስጥ መለሰው። ወዲያውም ከቤት ወጣ።

ሲመለስ ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ይስቅ ነበር። ከጎሚስታው ዘንድ የለመነውን የጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ሦስት ቦታ ተለጥፎ ተነፍቶ፣ አንገቱ ላይ አጥልቆታል።

«በነጻ ነው!» አለ እያለከለከ። «ነገ አስተንፍሼ ከሸሚዞቹ ሥር ወገቤ ላይ እጠመጥመዋለሁ። የለበሱት አይመዘንም።»

«አንድ ብቻ ነው ያለው?»

«ሁለተኛም ሊሰጠኝ ነበር። አንዱ ይበቃናል ብዬ ተውኩት።»

ሴትዮዋ ላስቲኩን ዞር ዞር ብላ አየችው። «አንዱ እንዴት ለሁለት ሰው ይበቃል?»

ቋጠሮ ጆሮው ቀላ። «ተቃቅፈን ከገባን ይበቃል» አለ፤ «አንቺ እስከ አንገትሽ፣ እኔ… እኔም እስከ አንገቴ።»

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው አፍ ይህን የመሰለ ነገር ወጥቶ አያውቅም። እሷም ከላስቲኩ ሥር አጎንብሳ ገባችና ከመሃል ብቅ አለች፤ በእርግጥም ተጣበው በቃቸው።

«አልጋውም አንድ ነው» አለችው፤ «ግን የሁለት ሰው ነው።»

«እና ሁለት ሳምንት ሙሉ ለምን ደበቅሽኝ?»

«አሳይሃለሁ አላልኩህም ነበር?»