ትከሻው ላይ የቀሩት ጣቶች

«ትንሽ ወደ ግራ ሳበው። አይ፣ በዛ፤ የዳሞታን ተራራ ሸፈንከው» አለ ሶርሳ ከድንኳኑ ፊት ቆሞ።

«ዳሞታ የት ይሄዳል? ነገም እዚያው ነው» አለ ፕላስቲክ ወንበር ላይ የወጣው የእድሩ ሰው። ገመዱን ከእንጨቱ ጋር አሰረና ወረደ። ተጠቅልሎ የነበረው ባነር ወደ ታች ተዘረጋ።

ሰብለ የውኃ ጀሪካን ይዛ በአጠገባቸው ስታልፍ ቀና አለች። ከላይ በትልልቅ ፊደል «ዶ/ር አዛለች ጦና» ይላል። ከሥሩ አዛለች ትስቃለች፤ የፊት ጥርሶቿ ክፍተት ሳይቀር ይታያል። ጥቁር ጋዋን ለብሳለች። አንገቷ ላይ ሜዳሊያ ተንጠልጥሏል።

ሰብለ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠችው።

ጋዋኑ የራሷ የሰብለ ነው። ሜዳሊያውም የራሷ ነው። ጥቅል ወረቀቱን የያዘው ቀኝ እጅ፣ አንጓው ላይ የብየዳ ጠባሳ ያለበት፣ እሱም የራሷ ነው። አዛለች ከአንገት በላይ ብቻ ናት።

«አያምርም?» አለ ሶርሳ። የእህቱ ሞት ከተሰማ ጀምሮ ዓይኖቹ እንዳበጡ ናቸው። «የምረቃ ፎቶ ሌላ አጣሁላት። ከሁለታችሁ ፎቶ ላይ እሷን አውጣልኝ አልኩት ለፎቶ ቤቱ ልጅ። ጎበዝ ነው፣ ቶሎ አደረሰልኝ።»

ፎቶውን ሰብለ ታስታውሰዋለች። እሷ ከፊት ናት፤ አዛለች ከኋላዋ ሆና አንገቷን ብቻ አስግጋለች። የፎቶ ቤቱ ልጅ ሙሉ ሰው ሲፈልግ ከሁለቱ አንድ ሰው ሠራ።

«ያምራል» አለች። ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ በለቅሶው ቤት እጇን ከነጠላዋ ያወጣችው ሳህን ስታነሳ ብቻ ነበር። ለቀስተኛው ከሶዶ ከተማም ከገሱባም ይመጣል፤ መጀመሪያ ባነሩን ያያል፣ ቀጥሎ ያለቅሳል። የመሠረተ ክርስቶስ መዘምራን በጎን ቆመው ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ። በመሃል የሴቶቹ ሹክሹክታ ሰብለ ጆሮ ይደርሳል።

«ሜዳሊያ ተሸልማ ነው ለካ።»

«አንደኛ ነበረቻ፣ ያውም ከእነዚያ ሁሉ ወንዶች።»

«ሁለተኛዋ ማን ነበረች?»

«ሁለተኛን ደግሞ ማን ያስታውሳል?»

ከሰብለ ጎን የተቀመጡት እናቷ ወይዘሮ እታፈራሁ ባነሩን ሲያዩ ቆዩና ወደ ልጃቸው ጆሮ ተጠጉ። «አንቺ፣ ያ ጋዋን በእነዚህ እጆቼ የተኮስኩት አይደለም?»

«ተይ እማዬ።»

«ምን እተዋለሁ? ኮሌታው ላይ ያቃጠልኩት ሳይቀር ይታያል። የሰው ልጅ ለፍቶ ያገኘውን...»

«ለቅሶ ቤት ነው፣ እማዬ።»

እናቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። የሰብለ ልብ ግን አላረፈም። በሞተ ሰው ይቀናል? ራሷን ደጋግማ ጠየቀች፣ መልሱም በየጊዜው ያው ነበር። ይቀናል። በሕይወት ካለችው ይልቅ በሞተችው ባሰባት፤ የሞተች ሴት ከእንግዲህ አትሳሳትም፣ አትቀደምም።

አዛለች በትምህርት ቤት ከሰብለ በልጣ አታውቅም። ሜካኒካል ምህንድስና አብረው ሲገቡ፣ ዎርክሾፕ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር እየተጋፉ ብረት ሲቆርጡ፣ ሰብለ አንደኛ ነበረች፣ አዛለች ሁለተኛ። ነገሩ የተገለበጠው አዲስ አበባ ለዶክትሬት ቃለ መጠይቅ በሄዱ ጊዜ ነው። ሰብለ ረጅሙ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠች፤ የጠየቋትን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ምላሷ ግን ከላንቃዋ ተጣበቀ። «አመሰግናለሁ» ብቻ ብላ ወጣች። ቀጥላ አዛለች ገባች። ኮሪደሩ ላይ ሳቅ ተሰማ።

«ምን አደረግሽ?» አለቻት ስትወጣ።

«ጥያቄውን አላውቀውም አልኳቸው። የማውቀውን ላሳያችሁ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። መሬት ተቀምጬ፣ አንድ እግሬን አንስቼ እናቴ እንሰት እንዴት እንደምትፍቅ አሳየኋቸው። ይህን ሥራ የሚያቀል ማሽን ልሠራ ነው የመጣሁት አልኳቸው።»

ተቀበሏት። ሰብለ ወደ ሶዶ ተመልሳ የውኃ ፓምፕ ጥገና ላይ ተቀጠረች። አዛለች ከአዲስ አበባ በየጊዜው ትደውላለች።

«ሰብሊ፣ ምላጩ ቃጫውን በጠሰብኝ። ሴቶቹ ሳቁብኝ።»

«አቀማመጡን አጋድሚው። ፍጥነቱንም ቀንሺ።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ፦ «ሠራ! አንቺ እኮ ጉድ ነሽ። በመመረቂያ ጽሑፌ ምስጋና ላይ ከሁሉ በፊት ያንቺ ስም ነው የሚገባው።»

ሰብለ እንኳን ደስ አለሽ ብላ ስልኩን ትዘጋለች። ከዚያ ለራሷ ትላለች፦ እሷ ሽፋኑ ላይ፣ እኔ ምስጋናው ውስጥ።

ያ ጽሑፍ ሳያልቅ ቀረ፤ ባነሩ ላይ ያለውን «ዶ/ር» የሰጣት ሶርሳ ነው። አዛለች ማሽኑን ሃላሌ ላሉ ሴቶች አሳይታ ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ።

ድንኳኑ ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው ሶርሳ ሰብለን ጓሮ አገኛት። «ነገ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ይመጣሉ። ከጓደኞቿ አንድ ሰው ይናገር ብለዋል። አንቺ ነሽ የምትናገሪው።»

«እኔ ሰው ፊት አልችልም፣ ሶርሳ።»

«ከአንቺ በላይ ማን ያውቃታል? ረጅም አይደለም። እንዴት እንዳጠናች፣ ሜዳሊያውን እንዴት እንዳገኘች... በቃ።»

አሁን ብትናገር እውነቱ ይወጣል። ዝም ብትል ደግሞ ነገ በሁሉ ፊት ሜዳሊያዋን በገዛ አፏ ለሌላ ልትሰጥ ነው። «ሶርሳ፣ ያ ሜዳሊያ...» ብላ ስትጀምር ከቤት ውስጥ ጠሩት። «እሺ አልሽ አይደል?» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሰብለ ለአዛለች እናት ለእማማ ቦሼ ሃይታ ቱኬ ይዛ ገባች። ከቡና ቅጠል፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ የተፈላው ነገር ጉሮሯቸውን ይከፍትላቸዋል፤ ከለቅሶው ወዲህ ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉ ፍራሹን እየመቱ። ሰው ሲያናግሩ የእማማ ቦሼ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሰብለ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ቤት «አንተ» ናት። «ዛሬ ትናገራለህ አሉ።»

«እፈራለሁ፣ እማማ።»

«ያ ሥዕል ልጄ አይደለም» አሉ እማማ ቦሼ ፉት እያሉ።

ሰብለ ቀና አለች።

«የወለድኩትን አላውቅም? የአዛለች ደረት ጠባብ ነው። ያ ያንተ ነው። እጁም ያንተ ነው፣ ቃጠሎውን አየሁ።» የነጠላዋን ጫፍ ገለጥ አድርገው ጠባሳዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ሶርሳ አላየም። እያለቀሰ ነው ያሠራው። አትንገረው።»

«ሜዳሊያውስ?» አመለጣት። ወዲያው አፈረች።

«ያንተ ነው። እሷ ነግራኛለች። የተሸለምክ ቀን ቤት ገብታ፣ ሰብለ ቀደመችኝ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ራትህን ብላ ብላት እምቢ አለች። ቅናት፣ ምን ይደረጋል።»

በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ የሰብለ ስም ሲጠራ ወንበር ላይ ወጥታ ከሁሉ አብልጣ የጮኸችው አዛለች ነበረች። ድምፅዋ ስለተዘጋ ሰብለ ራሷ ማር ገዝታላታለች።

«ልጄን ማየት ከፈለግክ» አሉ እማማ ቦሼ ሲኒውን እየመለሱ፣ «ትከሻው ላይ እይ። እኔ በየቀኑ እዚያ ነው የማየው።»

ሰብለ ወጥታ ባነሩ ፊት ቆመች። በግራ ትከሻ በኩል፣ ከጥቁሩ ጋዋን ላይ፣ አራት ጣቶች ነበሩ። የፎቶ ቤቱ ልጅ ከኋላ ያለችውን ሰው ሲያጠፋ ሳያያቸው ቀርቷል። ለማያውቅ ሰው የጨርቅ እጥፋት ይመስላሉ። ቀጭን ናቸው፤ የቀለበት ጣቷ ጥፍር ዎርክሾፕ ውስጥ መዶሻ እንደመታው ጠቁሯል። አዛለች ያን ቀን ትከሻዋን አጥብቃ ይዛት ነበር።

ከሰዓት በኋላ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች መጡ፣ ድንኳኑ ሞላ። ስሟ ሲጠራ ሰብለ ተነሳች። ምላሷ እንደ ድሮው ደረቀ። እናቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሶርሳ አንገቱን ነቀነቀላት። ሰብለ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ የፊት ለፊቱን ወንበር መደገፊያ ያዘች።

«ይህ ሜዳሊያ የተሰጠ ቀን» አለች፣ «ወንበር ላይ ወጥታ ከሁሉ በላይ የጮኸችው አዛለች ነበረች። እኔ እንደ እሷ ጮኼ አላውቅም።» ወደ ባነሩ ዞር አለች። «አላውቅም ማለትን ሳትፈራ ጫማዋን አውልቃ መሬት የተቀመጠች እሷ ናት። እኔ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ቀንቼባታለሁ። አሁንም እቀናለሁ።»

ተቀመጠች። እማማ ቦሼ ጥግ ላይ ሆነው በወላይትኛ «ልጄ» ብለው አጉተመተሙ፤ አጠገባቸው ያለችው ሴት ማልቀስ ጀመረች።

ሕዝቡ ሲበተን የእድሩ ሰዎች ካስማ መንቀል ጀመሩ። ሰብለ ወንበር ላይ ወጥታ የባነሩን ገመድ ራሷ ፈታችው።

«ስጪኝ፣ እኔ ልያዘው» አለ ሶርሳ።

«ግድ የለም፣ እኔ አስገባዋለሁ።»

አጠፈችው። መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ ፊቱን፣ ቀጥሎ ሜዳሊያውን ወደ ውስጥ። ትከሻው ያለበት ወገን ብቻ ከላይ ቀረ። አነሳችና ግራ ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ አራቱ ጣቶች ፊት ለፊት፣ ከአንገቷ አጠገብ ዋሉ። ወደ ቤቱ ስትሄድ እንዳይንሸራተት አንገቷን ወደዚያው ዘንበል አደረገች።