እያወቅኩ ነው የመታሁት

«ምላጭ» የሚሉት ሽማግሌ ፀጉር ቆራጭ የወንድሙን ልጅ ሲደበድብ በከተማው ያለ መስታወት ሁሉ ተሰነጠቀ ይባላል። ውሸት ነው፤ የረገፈው የራሱ ሱቅ መስታወት ብቻ ነው።

የወንድሙ ልጅ ጢሙን ሊላጭ ተቀምጧል። ሽማግሌው ግማሹን ላጨና ፎጣ ሊያነሳ ዞረ፤ ለምን እንደዞረ ግን ጠፋበት። ተመልሶ የተላጨውን ጉንጭ እንደገና ሳሙና ቀባው።

«ጋሼ፣ አለቀልዎት!» ብሎ ሳቀ ልጁ። «የመረመረችዎት ሐኪምም ይረሳሉ ብላለች። ፍርድ ቤቱ ሞግዚትዎ ሲያደርገኝ ይቺን ሱቅ እቸበችባታለሁ፤ እርስዎ ጥግዎን ይይዛሉ።»

ሽማግሌው ምላጩን በቀስታ አስቀመጠ፤ የሙያ ሰው በስለት አይጣላም። ከግድግዳው ላይ ምላጭ የሚስልበትን ወፍራም ጠፍር አወረደ። የመጀመሪያው ምት የልጁ ጆሮ ላይ ጮኸ። ሁለተኛው አፍንጫውን ሰብሮ የሳሙናውን አረፋ ደም አደረገው። ልጁ መስታወቱን ይዞ ከነወንበሩ ሲገለበጥ ሦስተኛው ጥርስ አስተፋው።

የድብደባው ክስም የሞግዚትነቱ አቤቱታም አንድ ዳኛ ፊት ወደቀ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሽማግሌው ሴት ልጅ ክንዱን ያዘች።

«አባዬ፣ ‹ምን እንዳደረግኩ አላውቅም› በል። እስር ይቀርልሃል።»

«ሱቁስ?»

ክንዱን ለቀቀች።

«ገባኝ። ካላወቅኩ ሱቁ የዚያ ግማሽ ጢም ነው።»

ሐኪሟ መሰከረች፦ «መለስተኛ የመርሳት ችግር አለባቸው። እብደት ግን አይደለም። የዚያን ዕለት የሚያደርጉትን ያውቁ እንደሆነ እሳቸውን ይጠይቁ።»

«ያስታውሳሉ?» አሉ ዳኛው።

«ቁርሴን ከሆነ፣ አላስታውስም። እሱን ግን እያወቅኩ ነው የመታሁት። ጆሮውን፣ ምክር ስለማይሰማበት። አፍንጫውን፣ የሰው ጉዳይ ውስጥ ስለሚያስገባው። ጥርሱን፣ ስለሳቀብኝ። አራተኛም ነበረኝ፤ ጎረቤት ያዘኝ።»

«እብድ ነው!» ብሎ የወንድሙ ልጅ ዘለለ።

«ዝም በል፣ እብድ ከሆነ አይታሰርም!» አለው ጠበቃው።

«እሺ ጤነኛ ነው!»

«ጤነኛ ከሆነ ሱቁ የለም!»

ልጁ የገዛ ጠበቃውን በከረባቱ አነቀው። ፖሊሶች በዱላ እስኪያላቅቋቸው የጠበቃው ዓይን ሊፈርጥ ደርሶ ነበር።

ዳኛው በሽማግሌው ላይ የስድስት ወር እስር ፈረዱ። የሞግዚትነቱን አቤቱታ ግን ጣሉት፦ «የሚመታበትን ቦታ ከነምክንያቱ የሚመርጥ ሰው ሞግዚት አያስፈልገውም።»

ሲወስዱት ሴት ልጁ እያለቀሰች ተከተለችው።

«ሱቁ የማን ሆነ?»

«ያንተ፣ አባዬ።»

ደረቱን ነፋ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ግራ ተጋብቶ ቆመ።

«ልጄ፣ ሱቁ የማን ሆነ?»

«ያንተ ነው» አለችው። እሱም ገና አሁን እንደሰማ ሰው ደረቱን ነፍቶ ከፖሊሱ ቀድሞ መኪናው ውስጥ ገባ።