ከሮዙ ስቱኮ ሥር

ማግኔቱ ጋራዡ ውስጥ ከቆመችው መኪና የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። የመኪና አካል የምታቃናው ባትላሜራ አንስታ እዚያው ቦታ ላይ ለጠፈችው፤ አሁንም ወደቀ። ማግኔትና ብረት ካልተስማሙ መሃላቸው የገባ ነገር አለ ማለት ነው። እዚህ የገባው ስቱኮ ነው፤ የተጨረማመተ ላሜራ መሸፈኛ፣ ያውም ወፍራም።

ነገሩ ከነከናት። መኪናዋ የአባቷ ናት፤ አባቷም "ዝንብ እንኳ አላሳረፍኩባትም" እያሉ ነው ያሳደጓት። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆኑ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። እናቷ በበኩላቸው በወጣትነታቸው መንጃ ፈቃድ አውጥተው፣ ነድተው ነድተው፣ አንድ ቀን "መሪ አስጠላኝ" ብለው እርግፍ አድርገው ተዉት። ከዚያ ወዲህ እህታቸውን ለመጠየቅ እንኳ የባላቸውን ፊት አይተው ነው። አሁን የአባትየው ዓይን ደክሟል። የሚነዳት ስለሌለ መኪናዋ ታድሳ ልትሸጥ ነው፤ ገዢም ተገኝቷል። እናትየው ይህን ከሰሙ ጀምሮ ፊታቸው አልፈታ ብሏል።

አባትየው ከጎረቤቱ ቀለም ቀቢ ጋር በዋጋ ሊከራከሩ ወጣ ሲሉ ባትላሜራዋ ሥራ ጀመረች። ግራይንደር ላሜራ ያሳሳል ብላ ስቱኮውን በሙቅ አየር እያለሰለሰች በስፓቱላ ፈለፈለችው። ሮዝ ስቱኮ እንደ ዳቦ ቅርፊት እየተላቀቀ ወረደ።

"ልጄ፣ እሱን ለምን አትተዪውም? ደህና አይደል እንዴ?" አሉ ጎማ ላይ የተቀመጡት እናቷ።

"ከሥሩ ዝገት ካለ ነገ ቀለሙን ያፈነዳዋል። ደግሞስ እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ እንቅልፍ ሊወስደኝ?"

"እንግዲያው አባትሽ ሳይመጣ መልሰሽ ሙዪው።"

ልጅቱ ስፓቱላዋን እንደያዘች ዞረች። "እማዬ! አንቺ ነሽ?"

"ቀስ በይ! አባትሽ ሩቅ አገር ሥራ ሄዶ ነበር። ወደ ኋላ ስወጣ የግቢውን በር ምሰሶ ገጨሁት። ሳይመለስ አሠራሁት። ዝንብ ያላረፈባትን መኪና እኔ ጉድ ሠራኋት። ከዚያ ወዲያ መሪ ስጨብጥ እጄ ይንቀጠቀጣል።"

ልጅቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከሮዙ ሥር ቀለም ብቅ አለ፤ ከቀለሙ ሥር ደግሞ ድንጋይ የመሰለ ግራጫ ስቱኮ።

"እማዬ፣ ስንቴ ነው የገጨሽው?"

"አንዴ! በእናቴ ሞት!"

"እንግዲያው ካንቺ በፊት የገጨ አለ። ይኼ ካንቺው ሥር ነው፣ የራሱ ቀለም አለው።"

"አዲስ ሆና ነው እኮ የገዛናት! ማን ነድቷት..."

እናትየው አልጨረሱትም። አባትየው በሩ ላይ ደርሰው የተፈለፈለውን ፓራፋንጎ ተጠግተው ሲያዩ ክው ብለው ቀሩ።

"እዚያ ጋ ማን ንኪ አለሽ?" አሉ በቀጭን ድምፅ።

"ግራጫው ያንተ ነው?" አለች ልጅቱ።

"እሱ እንኳ... ትንሽ ግንብ ነገር ነክታ ነው። ሾፌር ገጨ ተብሎ ይወራል እንዴ?"

"ዝንብ አላሳረፍኩባትም ስትለኝ የኖርከው ግንብ አሳርፈህባት ነው?" አሉ እናትየው ከጎማው ላይ ተነሥተው። ከዚያም የራሳቸውን፣ ምሰሶውንም የእጃቸውንም መንቀጥቀጥ፣ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

አባትየው የሚገቡበት ጠፋቸው። "እኔ እኮ መንዳት ጠልተሽ መስሎኝ ነው" አሉ። "ብትነግሪኝ ኖሮ..."

"አንተስ ብትነግረኝ ኖሮ?"

ልጅቱ ሳቋ መጣ፤ ግን የእናቷን ፊት አይታ ዋጠችው። "ላሜራውን በደንብ ለማየት ብርሃን አነሰኝ፤ መኪናዋ ወደ ደጅ ትውጣ" አለች።

አባትየው እንደ ልማዳቸው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ሾፌሩ በር አመሩ። እናትየው ቀድመዋቸው መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ወደ ኋላ ነው እኮ የምትወጣው" አሉ አባትየው።

"አውቃለሁ። ከኋላ ቁምና ምራኝ።"

ገብተው ወንበሩን ወደፊት ሳቡት፤ መስተዋቱን ወደ ራሳቸው አዞሩት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቢሆንም መሪውን ጨበጡ። ሞተሩን ሊያስነሡ ሲሉ አንገታቸውን በመስኮት ብቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ለዚያ ለገዢው ደውዪለትና አይልፋ በዪው።"