ቅዳሜ ቅዳሜ የምትነሳው ዋዝ

ጣሪቅ ውሸት አይሆንለትም። ደንበኛ መጥቶ ሲጨቀጭቀው እንኳ «ነገ ይደርሳል» ብሎ መሸኘት አይችልም፤ መካኒክ ሆኖ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። እንግዲህ የእድሩ ሽማግሌዎች ይሄን ሰው ነው «እስከ ነገ ጠዋት አፍህን ያዝ» ያሉት።

ጓደኛው ዮኤል ሞቷል። ወታደር ቤት በጥገና ክፍል አብሮት ይሠራ የነበረ ልጅ ሐሙስ ዕለት ጋራዥ ድረስ መጥቶ ለጣሪቅ ነገረው፤ ጣሪቅም ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ዓምደሚካኤል ነገረ። እናቱ እትዬ የኔነሽ ግን አልሰሙም። መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይወረወርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዝ የሚደግፍ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። የሚይዛቸው ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ናርዲ ናት። እሷንም «እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል» ብለው ጠርተዋታል፤ ዛሬ ማምሻውን ትገባለች።

ችግሩ ዛሬ ቅዳሜ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ጣሪቅ እትዬ የኔነሽ ግቢ ሄዶ የዮኤልን ዋዝ መኪና አብሯቸው ያስነሳል። ሚስቱ ሳቢሃ «ታምሜያለሁ በልና ቅር» ብላው ነበር። ቀርቶ ግን አያውቅም፤ ቢቀር እሳቸው ራሳቸው ሾርባ ይዘው ሊጠይቁት ይመጣሉ። ስለዚህ የመፍቻ ሣጥኑን አንጠልጥሎ በሩን አንኳኳ።

«ኮቱ፣ ና ግባ! ዛሬስ ዘገየህ፤ ልጀምር ነበር» አሉ እትዬ የኔነሽ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ከመኪናዋ የጭስ ማውጫ፣ ከማርሚታው ውስጥ ውታፉን ጨርቅ እየጎተቱ ነበር። አይጥ እንዳይገባ ዮኤል ያስተማራቸው ነው።

ዋዟ ከጦር ካምፕ በጨረታ የተገዛች አሮጌ ናት። ስትመጣ በጭነት መኪና ተጭና፣ ሞተሯ ደርቆ፣ ወንበሯ ውስጥ አይጥ ወልዶ ነበር። ዮኤልና ጣሪቅ ካንዴላዎቹን ፈትተው በየሲሊንደሩ ዘይት አንቆረቆሩና ሞተሩን በእጅ በሚዞር ማኒቬላ ጥቂት በጥቂት እያላወሱ አላቀቁት። ዮኤል የፍሬኑን ጎማ ቱቦ አንድ ሳያስቀር ቀየረ፤ «ከላይ ደህና የሚመስለው ውስጡ ያበጠው ነው» ይል ነበር። ወታደር ቤት የገባውም እነዚህን መኪኖች ስለሚወድ እንጂ ጠመንጃ ስለሚወድ አልነበረም።

የሄደ ቀን እናቱን ከመሪው ኋላ አስቀምጦ አደራውን ነገራቸው። በየሳምንቱ አስነሺያት። ሳትሞቅ ነዳጅ አትርገጪ። ጎማዋ በአንድ ቦታ እንዳይጎብጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ውሰጃት። «ለብዙ ጊዜ የምትቆም መኪና ውሃዋ ይደፋል፣ ባትሪዋ ተፈትቶ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኗ እንዳይጣበቅ ፔዳሉ ተረግጦ በእንጨት ይወጠራል። የኔን ግን እንደዚያ እንዳታደርጓት። እሱ ባለቤት ለሌላት ነው።» ይሄን ሲል ጣሪቅም አጠገቡ ቆሞ ነበር።

እትዬ የኔነሽ ወጥተው ከመሪው ኋላ ተቀመጡና ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ።

«ሰማሃት? ከአንተ ጋራዥ መኪኖች ሁሉ ትሻላለች!»

«ትሻላለች፣ እትዬ» አለ ጣሪቅ፣ ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ።

ሞቃ ስታበቃ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ወሰዷት፤ ከዚያ አጠፏትና ከበረንዳው ቆርቆሮ ቀለም አመጡ። አረንጓዴ ነው፤ ዮኤል የጥንቱን ቀለሟን እመልሳለሁ ይል ስለነበር ፈልገው ያስመጡት። «ለበዓል ፈቃድ ይሰጡታል። ይቀባትና ሰቃ ከተማ ድረስ ይወስደኛል፤ ቃል ገብቶልኛል» አሉ።

ሌላ ቅዳሜ ቢሆን ጣሪቅ «ኢንሻ አላህ» ይል ነበር። ዛሬ ግን ቃሉን ተወው። የአላህን ስም ጠርቶ እንዴት ይዋሽ? ጎንበስ ብሎ የመፍቻ ሣጥኑን ከፈተ። እሳቸውም ትንሽ አይተውት፣ «ሻይ ላምጣልህ» ብለው ገቡ።

ብቻውን ሲቀር ልቡ ክፉኛ ተሰበረ። ይህቺ መኪና ከእንግዲህ ማን ይነዳታል? ዝናቡ፣ ዝገቱ ይበላታል። የጓደኛው ልፋት ሁሉ እዚህ ግቢ ውስጥ ሊበሰብስ ነው። እንዳትበላሽ ማድረግ አለበት፤ ለዮኤል የቀረው ይሄ ብቻ ነው። እጁ የለመደውን ሥራ ያዘ፤ እሱም እያሰበ ያለቅሳል እንጂ እጁ የሚሠራውን አላየም።

«ጣሪቅ!»

ቀና አለ። እትዬ የኔነሽ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል። ከራዲያተሩ ሥር ውሃው እየፈሰሰ እግራቸው ድረስ ደርሷል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ውሃው ዝጓል እትዬ፤ ልቀይረው ብዬ…»

«ባትሪውስ?»

ባትሪው መሬት ላይ ተቀምጧል። «ቻርጅ…» አለ ጣሪቅ።

እትዬ የኔነሽ በተከፈተው በር ጎንበስ ብለው አዩ። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ወርዶ በእንጨት ተወጥሯል።

«እንጨቱስ፣ ልጄ?»

ጣሪቅ በዘይት የተነከረ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

እትዬ የኔነሽ ብርጭቆውን ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ አስቀመጡ። ሻዩ አልፈሰሰም። «ናርዲ ሰምታለች?» አሉ፣ በሹክሹክታ።

«አልሰማችም። መንገድ ላይ ናት። ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹ… እትዬ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ወላሂ እኔ…»

«ዝም በል።» በአጥሩ በኩል ወደ ጎረቤት አዩ። «አሁን ከጮህኩ አገር ይሰማል። አንዱ ደውሎ ይነግራታል፤ ልጄ መኪና ውስጥ ብቻዋን፣ ሰው መሀል… አይሆንም። ነገ ንገሩኝ። እኔም ነገ እሰማለሁ።» ከዚያ ወደ ዋዟ ዞሩ። «ውሃዋን መልስ።»

ጣሪቅ በጄሪካን ቀድቶ ሞላ፤ ባትሪውን መልሶ አሰረ። እንጨቱን እሳቸው ራሳቸው ነቅለው ጣሉት። ገብተው በሩን ዘጉ፣ መስኮቱን ዘጉ፣ ሞተሩን አስነሱና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጡት።

ዋዟ ጮኸች። የግቢው ዶሮዎች ተበተኑ። በመስታወቱ ውስጥ የእትዬ የኔነሽ አፍ ተከፍቶ ይታያል፤ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። እግራቸው ሲደክም ሞተሩ ዝቅ ይላል፤ ያኔ የጩኸታቸው ጫፍ ብቅ ሊል ሲል እንደገና ይረግጡታል። ጣሪቅ በሩን ተደግፎ እየተንሰቀሰቀ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀስ ይበሉ፣ ሞተሩን ይጎዳል» ሳይል ቀረ።

ዮኤል ቢሰማ ምን ይል ነበር?

ብዙ ቆይተው እግራቸውን አነሱ። ሞተሩ ረግቦ በቀስታ መዞር ሲጀምር፣ ከአጥሩ ማዶ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዓምደሚካኤል ተጣሩ። ሰውዬው ነገሩ እንዳይጠረጠር የሚያደርጉ መስሏቸው፣ ድምፃቸውን ሞቅ አድርገው፣

«የኔነሽ! ዛሬስ እንዴት ነው ያስጮኻችኋት! ባለቤቷ በደህና ይግባ!»

እትዬ የኔነሽ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ፤ ድምፃቸውንም ጠረጉ።

«አሜን!» አሉ።

ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ጨርቁን ከመሬት አንስተው አራገፉና፣ ዮኤል እንዳሳያቸው አድርገው ማርሚታው ውስጥ ወተፉት።